ስለ ነጫጭ ዘንዶዎች እርባታና ከዕድሜ ጋር ስለሚለወጠው ኅብራቸው

ዘንዶ ሲባል ባገራችን ሰው ሐሳብ ቶሎ የሚመጣው በቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ እግር ሥር ተጠምጥሞ የሚሣለው አስፈሪ አውሬ ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ግን መርዝ ስለሌለው፥ ርዝመቱም ከአንድ ሜትር ተኩል እምብዛም ስለማያልፍ፥ ሲደነግጥ ራሱን በሰውነቱ መካከል ሸሽጎ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል አንድ ዓይነት ዘንዶ ነው። ከዚህም ጠባዩ የተነሣ ቦል ፓይተን፥ ማለት ኳስ ዘንዶ ተብሎ ተጠርቷል። አገሩ ከሴኔጋል ጀምሮ እስከ ዩጋንዳ ያለው የአፍሪካ ምድር ነው። በኛ አገር በቈላው የሚገኘው ትልቁ የአፍሪካ ዘንዶ ነው፤ እርሱ ከአምስት ሜትር በላይ ሊረዝም ስለሚችል ከዚህ ከትንሹ ጋር የሚተካከል አይደለም።

የባዮሎጂ መምህራችን በዘጠነኛ ክፍል ስለ ግሪጎር ሜንዴል አተር ሲያስተምሩን፥ ሁላችንም በደብተራችን ላይ አራት ማዕዘኑን እየሣልን ፊደሎቹን ሞላን፤ ነገሩ በሕያው ፍጥረት ላይ ሲፈጸም ግን አላየንም። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ወላጆቼ አሜሪካን አገር፥ በቴክሳስ ግዛት በዳላስ ከተማ ወደሚኖሩት አክስቴ ዘንድ ላኩኝ። ልጃቸው በአንድ ክፍል ውስጥ ዘንዶዎች ያረባ ነበርና የአንዲቱ እንቍላሎች ሲፈለፈሉ ለማየት በቃሁ። ከዚያም ወዲህ ለሦስት ዓመት ያህል እርሱ በየወሩ በሚልክልኝ ፎቶግራፍ የሁለቱን ልጆች መልክ ስመዘግብ ቈይቻለሁ። አክስቴ እስከ ዛሬ ድረስ ወደዚያ ክፍል ገብተው አያውቁም። «ጊዮርጊስ የገደለውን አንተ በገንዘብህ ትቀልባለህ!» እያሉ በሩ ላይ ሆነው ያማትባሉ። እርሱም «እማዬ፥ ይኸ እኮ ከአይጥ በቀር ሌላ አይበላም» ይላቸዋል።

ስለ ሳይንስ ሥራ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር፥ ስለ ራሴ የምናገራቸው በእኛው አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ።

በመጀመሪያ የቀለሙን ነገር እንመልከት። የእባብ ቆዳ ኅብር ከአንድ ነገር ብቻ የሚገኝ አይደለም። ከላይኛው ስስ ቅርፊት በታች ልዩ ልዩ የቀለም ሕዋሳት ይገኛሉ። አንደኞቹ ሜላኒን የሚባለውን ጥቁርና ቡናማ ቀለም ይይዛሉ፤ ሁለተኞቹ ብጫና ቀይ ቀለም ይይዛሉ፤ ሦስተኞቹ ግን ቀለም ሳይኖራቸው በውስጣቸው ባሉት ደቃቅ ክሪስታሎች ብርሃንን እንደ መስተዋት ይመልሳሉ። ጥንቸል፥ ላም፥ እኛም ሰዎች የጠጕራችንን ቀለም የምናገኘው ከሜላኒን ነው። ስለዚህ ከጥንቸል ሜላኒን ቢታጣ ጥንቸሉ ፈጽሞ ነጭ ይሆናል። ከዘንዶ ሜላኒን ቢታጣ ግን ብጫው በቦታው ይገኛል።

እንግዲህ አልቢኖ ዘንዶ የሚባለው፥ ስሙ ነጭ ቢያሰኘውም፥ በእውነቱ ነጭና ብጫ ነው። ወንድሙ ጥቁር በሆነበት ቦታ እርሱ ነጭ ነው፤ ወንድሙ ቡናማ በሆነበት ቦታ እርሱ ብጫ ነው። የመልኩ አሣሣል አልጠፋም፤ አንድ ሠዓሊ ሥዕሉን በሙሉ አዘጋጅቶ ጥቁሩ ቀለም ቢያልቅበት እንደሚሆነው ማለት ነው። ዐይኑም ቀይ ሆኖ የሚታየው ቀይ ቀለም ስላለበት ሳይሆን፥ የሚጋርደው ጥቁር ቀለም ስለሌለ በውስጡ ያለው ደም ስለሚያበራ ነው።

እንዲህ ያለ ዘንዶ በዱር ሲገኝ እጅግ ጥቂት ነው። ነጭ ሆኖ በሣር መካከል የሚሳብ እባብ ከጭልፊት ዐይን ሊያመልጥ አይችልምና ብዙ ዕድሜ አይኖረውም። በቤት ውስጥ የመጀመሪያዎቹን አልቢኖ ቦል ፓይተኖች በ1992 ያስፈለፈለ ቦብ ክላርክ የሚባል አሜሪካዊ አርቢ ነው። ዛሬ በብዙ አገር ሰዎች ቤት ያሉት ከምዕራብ አፍሪካ ከተገኙ ጥቂት እንስሳት የተዋለዱ ናቸው።

እርባታው ከሁሉ በፊት ትዕግሥት ይጠይቃል። ሴቲቱ ሦስት ዓመት ያህል ሳይሆናት፥ ክብደቷም አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ሳይደርስ ከወንድ ጋር ማገናኘት ደግ አይደለም። ወንዱ ከኅዳር ጀምሮ በቀዝቃዛው ወራት እየተመላለሰ ይገባላታል፤ በበጋው መግቢያ ከአራት እስከ ስድስት የሚሆኑ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጡ እንቍላሎች ትጥላለች። ቅርፊታቸው እንደ ዶሮ እንቍላል የሚሰበር ሳይሆን እንደ ለስላሳ ቆዳ የሚተጣጠፍ ነው፤ ከተጣሉም በኋላ እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ።

እናቲቱ እንቍላሎቹን ጠምጥማ ትተኛለች፤ በዚህም እርጥበታቸው እንዳይጠፋ ትጠብቃቸዋለች። ከርሷ የሚበልጡት አንዳንድ ዘንዶዎች ግን ከዚህ የሚያስደንቅ ሥራ ይሠራሉ። እባብ ደሙ ቀዝቃዛ ነው፥ ሙቀቱን ከፀሐይ ይለምናል ብለን ተምረናል። ይሁን እንጂ ቫላንሲየን የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ በ1841 በፓሪስ የእንስሳት መጠበቂያ ውስጥ እንቍላል የታቀፈች ትልቅ የእስያ ዘንዶ ሰውነቷ ካካባቢዋ አየር ይልቅ የሞቀ መሆኑን ጻፈ። ያመኑት ጥቂቶች ነበሩ። በ1966 በኒው ዮርክ የእንስሳት መጠበቂያ የነበረች አንዲት የበርማ ዘንዶ ተለክታ ነገሩ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ጡንቻዋን ደጋግማ በማንቀጥቀጥ ሙቀት ታወጣለች። እኛ ብርድ ሲመታን እንደምንንቀጠቀጠው ያለ ነው፤ ልዩነቱ እርሷ የምትንቀጠቀጠው ለልጆቿ ስትል መሆኑ ነው።

የአክስቴ ልጅ እንቍላሎቹን ከእናቲቱ ወስዶ ሙቀቱ በ31ና በ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል በሚጠበቅ ሣጥን ውስጥ አኖራቸው። በያንዳንዱም ራስ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገበት። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው፥ የእባብ እንቍላል እንደ ዶሮ እንቍላል እንደማይገላበጥ ነገረኝ። ዶሮ እንቍላሏን በየጊዜው በመንቈሯ ታገላብጣለች፤ የእባብ ጽንስ ግን ከላይኛው የቅርፊቱ ግድግዳ ጋር ስለሚያያዝ ቢገለበጥ ሊሞት ይችላል። በቤታችን ዶሮ ያስፈለፈልን ሰዎች ሳናውቅ በጎ አደረግን ብለን ልንገድለው እንችል ነበር።

እናትና አባቱን ማስተዋወቅ አለብኝ። አባትዮው አልቢኖ ነው። እናቲቱ ግን እንደ ማንኛውም ቦል ፓይተን ጥቁርና ቡናማ ነበረች፤ የሸጠላት ሰው ግን «አባቷ አልቢኖ ስለሆነ ነጩን ዘር በውስጧ ተሸክማለች» ብሎ ከተራው ዋጋ አብልጦ አስከፍሎ ነበር። ይህን በዐይን አይቶ ማረጋገጥ አይቻልም። ምክንያቱም እያንዳንዱ ልጅ ለአንድ ሥራ ሁለት ትእዛዝ ይወርሳል፤ አንዱን ከአባቱ፥ አንዱን ከእናቱ። ይህ ትእዛዝ ጂን ይባላል። ሜላኒንን ለመሥራት አንድ ደኅና ትእዛዝ ይበቃል፤ ስለዚህ አንዱ ደኅና፥ አንዱ ብልሹ የሆነባት ዘንዶ በመልኳ ከሌሎቹ አትለይም። ሜንዴል በ1866 ባሳተመው ጽሑፍ ስለ አተር ያስረዳው ይህንኑ ነበር።

አባትየው ሁለቱም ትእዛዙ ብልሹ ነው፤ ለልጁ የሚያወርሰው ሌላ የለውም። እናቲቱ በእውነት ተሸካሚ ከሆነች ለያንዳንዱ ልጅ ወይ ደኅናውን ወይ ብልሹውን ትሰጣለች፤ ይህም ሳንቲም ወደ ላይ እንደ መወርወር ያለ ዕድል ነው። እንቍላሎቹ ስድስት ስለ ነበሩ እኔ ሦስት ነጭ ሦስት ቡናማ ይሆናሉ ብዬ ጻፍኩ።

በሃምሳ ሰባተኛው ቀን ጧት አንዱ ቅርፊት እንደ ምላጭ በሳለ ነገር ተሰነጠቀ። ልጁ በአፍንጫው ጫፍ ላይ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሰጠችው አንዲት ጥርስ አለችው፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ትወድቃለች። ከተሰነጠቀው ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት ሁለት ቀያይ ዐይኖችን ነው። ራሱን ብቻ አውጥቶ፥ ሰው ሲቀርበው ተመልሶ እየገባ፥ የተረፈውን አስኳል እስኪጨርስ ድረስ አንድ ቀን ሙሉ በዚያ ቈየ። ሁሉም ከወጡ በኋላ ስንቈጥር ሁለቱ ነጭ፥ አራቱ ቡናማ ሆነው ተገኙ።

ሦስትና ሦስት ስላልሆነ ሕጉ ፈረሰን? አልፈረሰም። ስድስት ሳንቲም ቢወረወር ሊሆኑ የሚችሉት አወራረዶች 64 ናቸው፤ ከነዚያ ውስጥ በትክክል ሦስትና ሦስት የሚሆኑት 20 ብቻ ናቸው። ሁለትና አራት የሚሆኑት ደግሞ፥ ነጩ ሁለት ሆኖ፥ 15 ናቸው። ግማሽ በግማሽ የሚለው ቃል ለብዙ መቶ እንቍላል እንጂ ለስድስት የተሰጠ ዋስትና አይደለም። ይሁን እንጂ ስድስቱም ቡናማ ቢሆኑ ኖሮ ሻጩን ለመጠርጠር ምክንያት ነበረን፤ እውነተኛ ተሸካሚ ሆና እንዲህ የሚሆነው ከ64 አንድ ጊዜ ነውና። አንዲት ነጭ ልጅ ግን ብቻዋን የእናቲቱን ነገር አረጋገጠች። አራቱም ቡናማ ልጆች፥ ከአባታቸው ሌላ ሊወርሱ ስለማይችሉ፥ ያለ ጥርጥር ተሸካሚዎች ናቸው።

ወደ ቀለሙ ለውጥ ልመለስ። ቀለምን በፎቶግራፍ መመዝገብ እጅግ አታላይ ነው፤ አንድ ዘንዶ በጧት ፀሐይና በማታ መብራት ሁለት ዘንዶ ይመስላል። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ሁልጊዜ በአንድ መስኮት አጠገብ፥ በቀትር፥ በነጭ ወረቀት ላይ አድርጎ እንዲያነሣቸው ተስማማን። በጎናቸውም ከቀለም ሱቅ በነጻ የሚሰጠውን፥ ከደማቁ እስከ ፈዛዛው ሰባት ደረጃ ያለውን የብጫ ናሙና ካርድ ያስቀምጣል። ቆዳ ሊቀይሩ ሲሉ አያነሣቸውም፤ በዚያ ጊዜ ዐይናቸው ይደፈርሳል፥ ቆዳቸውም የፈዘዘ ይሆናል።

በተወለዱ በሁለተኛው ሳምንት ነጩ እንደ ወተት ነበረ፤ ብጫውም እንደ እንቍላል አስኳል ሆኖ ወደ ብርቱካን ያዘነብል ነበር፤ በካርዱ ከአንደኛው ደረጃ ጋር ተካከለ። የሁለቱ ቀለሞች ድንበር በቢላ የተቈረጠ ይመስል ነበር። በዓመቱ ሁለቱም ወደ ሦስተኛው ደረጃ ወረዱ። በሁለተኛው ዓመት ሴቲቱ አራተኛው ላይ ደረሰች፤ ወንዱ ግን ሦስተኛውን አልለቀቀም። ዛሬ ሴቲቱ አምስተኛው ላይ ናት፤ ብጫዋ የቅቤ መልክ ሆኗል፥ በጐኗም በኩል ነጩ የጠራ አይደለም። ከአንድ እናት፥ ባንድ ቀን ተወልደው፥ አንድ ዓይነት ምግብ እየበሉ እኩል አለመፍዘዛቸው እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ነገር ነው።

ቆዳቸውን በቀየሩ ማግሥት ብጫው እንደ ታደሰ ያበራል። አዲስ ቀለም ግን አልመጣም፤ የወለቀው ከላይ ያለው ሙት ቅርፊት ብቻ ነው፥ የቀለም ሕዋሳቱ ከበታች ናቸው። አቧራ የያዘ መስኮት ሲጠረግ ደጁ እንደሚጠራ ያለ ነው። ቡናማዎቹም ወንድሞቻቸው እንዲሁ ፈዝዘዋል፤ በልጅነታቸው ከሰል ይመስል የነበረው ጥቁር ወደ ቡናማ ሄዷል። ስለዚህ መፍዘዙን የአልቢኖነት በሽታ አድርጎ መቍጠር አይገባም። ይልቁን የልጅን ፎቶግራፍ አሳይቶ ለትልቅ ሰው ዋጋ የሚያስከፍል ነጋዴ እንዳለ ገዢዎች ቢያውቁት መልካም ነው።

በትልቁ የበርማ ዘንዶ ለውጡ ከዚህ ይበልጥ ጐልቶ ይታያል። አልቢኖው ሲወለድ ብርቱካናማና ነጭ ነው፤ ሲያድግ ብርቱካኑ ብጫ፥ ነጩም የክሬም መልክ ይሆናል። ይህ እንስሳ ከአምስት ሜትር በላይ ሊያድግ ስለሚችል በቤት ሊያዝ አይገባውም ባይ ነኝ። በፍሎሪዳ ከሰው ቤት ያመለጡና የተለቀቁ ዘንዶዎች ኤቨርግሌድስ በሚባለው ረግረግ ተዋልደው የዱሩን አራዊት እየጨረሱ በመሆናቸው፥ የአሜሪካ መንግሥት በ2012 ወደ አገር መግባታቸውን ከልክሏል።

ቀለም ከዕድሜ ጋር መለወጡ ለእንስሳው ጥቅም የሚሰጥበትም ጊዜ አለ። በኒው ጊኒና በሰሜን አውስትራሊያ የሚኖር አረንጓዴ የዛፍ ዘንዶ ሲወለድ ብጫ ወይም ቀይ ነው። በኬፕ ዮርክ የተደረገውና በ2007 የታተመው ጥናት እንዳስረዳው፥ ብጫዎቹ ልጆች ወደ መሬት ቀረብ ብለው ትንንሽ ነገር ያድናሉ፤ ርዝመታቸው ግማሽ ሜትር ያህል ሲሆን አረንጓዴ ይለብሱና ወፍ ለማደን ወደ ዛፉ ቅጠል መካከል ይወጣሉ። ልብሱ ከሥራው ጋር ይለወጣል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሻለሁ። ከቦል ፓይተን መካከል ላቬንደር አልቢኖ የሚባል ሌላ ዓይነት አለ። ይህም ቀይ ዐይን፥ ብጫም አለው፤ ነገር ግን ነጭ ሊሆን የሚገባው ቦታ ቀለል ያለ ሐምራዊ ነው፤ የሚያስደንቀውም ይህ ሐምራዊ በልጅነቱ በግልጽ ሳይታይ ከዕድሜ ጋር እየጐላ መምጣቱ ነው። አንዱ ሲፈዝ ሌላው ይደምቃል። ሁለቱ በመልክ ወንድማማች ቢመስሉም አንድ አይደሉም። በሚቺጋን ግዛት በሚገኘው የምሥራቅ ሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከአርቢዎችና ከባለቤቶች የተጣሉ የእባብ ቆዳዎችን ሰብስበው፥ አንድም እንስሳ ሳይጐዱ፥ ጂኖቹን መረመሩ። በ2022 ባሳተሙትም ጽሑፍ፥ የመጀመሪያው አልቢኖ ብልሽት ታይሮሲኔዝን በሚሠራው ጂን ላይ፥ የላቬንደሩ ግን ኦሲኤ2 በሚባል ሌላ ጂን ላይ መሆኑን ገለጹ። ታይሮሲኔዝ ሜላኒንን የሚሠራው ሠራተኛ ነው፤ ኦሲኤ2 ደግሞ ሠራተኛው የሚሠራበትን ቦታ የሚያመቻች ነው።

ሁለት ጎረቤት ቤቶችን እናስብ። በአንዱ ቤት ምጣድ አለ፥ ሊጥ የለም፤ በሌላው ሊጥ አለ፥ ምጣድ የለም። ከሁለቱም ቤት እንጀራ አይወጣም፤ አላፊው ሁሉ «ሁለቱም ጦም አዳሪ ናቸው» ይላል። ልጆቻቸው ተጋብተው አንድ ቤት ቢመሠርቱ ግን አንዱ ምጣዱን፥ አንዱ ሊጡን ያመጣል፤ እንጀራም ይጋገራል። እንዲሁም ታይሮሲኔዝ የጐደለው አልቢኖ ከላቬንደር አልቢኖ ጋር ቢዋለድ፥ ልጆቹ ከያንዳንዱ ወላጅ የሌላውን ጕድለት የሚሞላ ደኅና ትእዛዝ ስለሚወርሱ ቡናማና ጥቁር ሆነው ይወለዳሉ።

ኦሲኤ2 በእባብ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በእኛም ውስጥ አለ፤ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ከሜላኒን ጋር የማይወለዱ ሰዎች አብዛኞቹ ይኸው ጂን የተጓደለባቸው ናቸው። ይህ ከለምጽ ጋር የሚገናኝ አይደለም፤ ለምጽ ከተወለዱ በኋላ የሚመጣ ሲሆን አልቢኖነት ግን አብሮ የሚወለድ ነው፤ ሁለቱም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፉም። ወላጆች ይህን እንዲያነቡልኝ የምፈልገው ስለ አንድ ነገር ነው። ጥቁር ከሆኑ አባትና እናት ነጭ ልጅ ሲወለድ እናትየው ስትታማ፥ ወይም ቤቱ ተረገመ ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከላይ ያየነው ሒሳብ ግን ግልጽ ነው፤ እንዲህ ያለ ልጅ የሚወለደው አባትም እናትም ትእዛዙን ሳያውቁ ተሸክመው እኩል ሲያወርሱ ነው። ሁለቱ ተሸካሚዎች ከሆኑ ለያንዳንዱ ልጅ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። እናቲቱን የሚያማ ሰው አባትየው የሰጠውን ግማሽ ረስቷል። ልጁ ደግሞ የሚያስፈልገው ሐሜት ሳይሆን ሰፊ ባርኔጣ፥ እጅጌው የረዘመ ልብስና በክፍል ውስጥ ከሰሌዳው አጠገብ የሆነ መቀመጫ ነው፤ ቆዳው ፀሐይን አይችልም፥ ዐይኑም ከሩቅ አያነብምና።

ለማወቅ ለሚጓጉ ጓደኞቼ አንድ ፈተና ላቅርብ። የአክስቴ ልጅ ባለፈው ኅዳር አንድ ላቬንደር ወንድ ገዝቶ፥ እኔ በሕፃንነቷ ያየኋትን፥ አሁን አንድ ኪሎ ተኩል ያለፈችውን ነጭ ሴት አገናኘለት። የሸጠለት ሰው «ሁለቱም አልቢኖ ስለሆኑ ልጆቹ በሙሉ ነጭና ሐምራዊ ይሆናሉ» ብሎታል። እኔ ሁሉም ቡናማ ይሆናሉ ብዬ ጽፌ፥ ወረቀቱን ለባዮሎጂ መምህራችን አስረክቤአለሁ። ሴቲቱ በዚህ በ2017 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ሰባት እንቍላሎች ጥላለች። ይህ መጽሔት ወደ ማተሚያ ቤት በሚሄድበት ጊዜ በሣጥናቸው ውስጥ ናቸው፤ የሚፈለፈሉትም በሐምሌ መጨረሻ ገደማ ነው።